የወንድሟ የክርስትና ስም

ከደሴ ወልድያ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ሁሉ ተሻለችን ያውቃታል። ሐይቅ ከተማ መግቢያ ላይ፣ መንገድ ዳር ባቆመቻት ዳስ ሥር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ዓሣውን ማለዳ ሐይቁ ዳር ወርዳ ከታንኳ ትቀበላለች፤ ቅርፊቱን የምትፍቀው፣ ሆዱን የምትቀደው፣ ዘይቱን የምታፈላው ራሷ ናት። አፏም ከቢላዋዋ አያንስም። አንድ ሹፌር «አጥንቱ በዛ» ብሎ ቢነጫነጭባት፣ «አጥንት የሌለው ከፈለግህ እናትህ ቤት ገንፎ አለልህ» ብላው፣ ረዳቱ እስከ መርሳ ድረስ ሲስቅበት ሄዷል ይባላል።

ይቺ ማንንም የማትፈራ ሴት ግን ከፍታ ትፈራለች። ከየት እንደመጣባት እሷም አታውቅም። ወንበር ላይ ቆማ ምስማር መምታት አትችልም። ጣሪያዋ ሲያፈስ ቆርቆሮው ላይ የሚወጣላት ጎረቤት ነው። ድልድይ ስትሻገር መሐል ለመሐል ትሄዳለች፤ መኪና ከኋላዋ ጡሩንባውን ቢያንባርቅ እንኳ ወደ ዳር አትጠጋም። ከተማው ይህን ያውቃል። ልጆች ሳይቀሩ «ተሻለች፣ ነይ ዛፍ ላይ እንውጣ!» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም አብራ ትስቃለች። በሰላሳ አራት ዓመቷ፣ በስልሳ ሁለት ኪሎዋ፣ ዛፍ ላይ ምን ሥራ አላት?

ያላት አንድ ወንድም ነበር፣ የሻው የሚባል። እናታቸው ወይኒቱ በስልሳ ስድስቱ ችጋር ዘመን ስትሞት ልጁ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ዓሣ እየጠበሰች አስተማረችው። ደሴ ድረስ ሄዶ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰ። ማንበብ ለማይችል ሁሉ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል፤ ዓሣ አይወድም። «ዓሣ አሳድጎኝ ዓሣ እበላለሁ እንዴ?» ይላል።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሰባት ቀን፣ የቀበሌው ጠባቂዎች ከአልጋው አስነሥተው ወሰዱት። ከሦስት ቀን በኋላ የጥምቀት ከተራ ነበር። ያን ዕለት ማለዳ የአስፋልቱ ዳር ላይ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ተገኘ። ወረቀቱ «ፀረ አብዮተኛ» ይላል። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። አስከሬኑን መኪና ላይ ጭነው ወሰዱት፤ የት እንደጣሉት የሚናገር ሰው ጠፋ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ባዬ ቤቷ ድረስ መጣ። ይህ ባዬ ትናንት ዳሷ ሥር ተቀምጦ «እንደ አንቺ ዓሣ የሚጠብስ የለም» እያለ ጣቱን ሲልስ የነበረ ሰው ነው።

«ማልቀስ የለም» አላት። «ጥቁር መልበስ የለም። ድንኳን የለም። ገብቶሻል?»

ነጠላዋን በራሷ ላይ ሳበች።

«ዛሬ ደግሞ በዓል ነው። ከሕዝቡ ጋር ትወጫለሽ። ቤትሽን ዘግተሽ ተቀምጠሽ ባገኝሽ እኔ የለሁበትም።»

ወጣች። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ተሻለች ከሴቶቹ መሐል ነበረች። አንድ ጠብመንጃ ያነገተ ጠባቂ ከኋላዋ መጥቶ ቆመና በጆሮዋ፣ «እልል በይ እንጂ» አላት። እሷም እልል አለች። ወንድሟ በተገደለ በስምንት ሰዓቱ፣ ታላቅ እህቱ እልል አለች።

ያቺ እልልታ ናት ሰውነቷ ውስጥ ገብታ የተቀመጠችው። በባዬ ትናደዳለች፣ በጠባቂው ትናደዳለች፣ አይተው ፊታቸውን ባዞሩት ጎረቤቶች ትናደዳለች። ሁሉንም ቆጥራ ስትጨርስ ግን ወደ ገዛ ጉሮሮዋ ትመለሳለች። ዓሣ ስትጠብስ ዘይቱ እጇ ላይ ቢፈናጠር እንኳ እሰይ ትል ጀመር።

አርባው ሲቃረብ ወደ ቄስ ወልዴ ሄደች። እንባው ቢከለከል ፍትሐቱ ይቅር? አርባው የካቲት አሥራ ዘጠኝ፣ እሑድ ይውላል። ከቅዳሴ በኋላ ስሙ ይጠራ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም አለች።

ቄስ ወልዴ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጄ፣ የሻው የዓለም ስሙ ነው። በዓለም ስም ፍትሐት አይደርስም። የክርስትና ስሙን ታውቂዋለሽ?»

አታውቀውም። የሻው ከመወለዱ በፊት እናቷ ሁለት ወንዶች ቀብራለች። ይህኛውንም በስሙ ድግምት እንዳይሠሩበት ብላ ፈርታ፣ የክርስትና ስሙን ለገዛ ልጇ እንኳ ሳትነግር ሞተች።

«ክርስትና ያነሡትስ ቄስ?» ሲሉ ጠየቋት።

«ሞተዋል።»

«ክርስትና አባቱ አሉ አይደል? አባ ተክለ ማርያም። ሚስታቸው ስትሞት መንኩሰው አምባሰል፣ የእንዶዴ አምባ ገብርኤል ገብተዋል።» ቄሱ ይህን ሲሉ ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ አንዲት ፈገግታ ብልጭ ብላ ጠፋች። «ወጥተሽ ጠይቂያቸዋ። ስሙን ካመጣሽልኝ አደርሳለሁ።»

የእንዶዴ አምባ በገደል የተከበበ መሆኑን ሐይቅ ላይ የማያውቅ የለም። ተሻለች ወንበር ላይ እንደማትወጣም የማያውቅ የለም። መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ቤቷ ደርሳ ድስቷን ስትከፍት ነው የገባት። ቄሱ ባዬን ፈርተዋል። «ፈራሁ» ማለቱ ስላሳፈራቸው፣ እሷው በራሷ ፍርሃት እንድትቀር አምባውን ደቀኑባት። የድስቱን ክዳን ወርውራ ግድግዳውን መታችው።

በጩኸቱ ጎረቤቷ ጋሽ ኑርዬ ብቅ አሉ። ጋሽ ኑርዬ በሁለት አህያ ጨውና ሽንኩርት እየጫኑ ውጫሌ የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው። ምሥራቅ ግንባር ላለው ወታደር ልጃቸው ደብዳቤ የሚጽፍላቸው የሻው ነበር።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ቤቱን ልታፈርሽው ነው?»

ነገረቻቸው።

«ቄሱ አሾፉብሽ በይኛ» አሉ።

«አሾፉብኝ።»

«ወላሂ እኔም እሳቸውን ብሆን አሾፍብሽ ነበር። ዶሮ ቆጥ ላይ ስትወጣ የምትታመሚ ሴት!» ሳቁና ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡት። «ሐሙስ ወደ ውጫሌ እወርዳለሁ። ትመጫለሽ?»

«ይለፍ ወረቀት የለኝም።»

«አላህ ያውቃል። አንቺ ስንቅሽን ያዢ።»

ሐሙስ ከአህዮቹ ኋላ እየተከተለች ሄደች። ኬላው ጋ ሲደርሱ ወጣቱ ጠባቂ የጋሽ ኑርዬን ወረቀት ገለባብጦ አየው። ወረቀቱ አንድ ሰውና ሁለት አህያ ይላል።

«ይቺስ?»

«የእህቴ ልጅ ናት።»

ጠባቂው የተሻለችን አንገት አየ። «የእህትዎ ልጅ ማተብ ታስራለች?»

«ወሎ ነህ አንተ? ወይስ ከወዴት ነው ያመጡህ?» አሉ ጋሽ ኑርዬ ቆጣ ብለው። «እህቴ ለክርስቲያን ተድራ ነው። ያንተ ቤት ቢፈተሽ ስንት ኑርዬ ይወጣ ይሆን!»

ልጁ ሳቁ አመለጠው። እጁን አወዛወዘ፤ አለፉ። ተሻለች ግን አልሳቀችም። ለገዛ ወንድሟ ስም ልትሄድ የሰው እህት ልጅ መሆን ስላለባት ጥርሷን ነክሳ ነበር።

ውጫሌ ከጋሽ ኑርዬ ዘመዶች ቤት አድረው ዓርብ ማለዳ ከአምባው ግርጌ ደረሱ። ተሻለች ቀና ብላ አየችና ወዲያው አቀረቀረች።

«ጁምዓ ነው፣ ውጫሌ ልመለስ» አሉ ጋሽ ኑርዬ። «ከሶላት በኋላ እዚህ ሾላ ሥር ታገኚኛለሽ።»

«ካልወረድኩስ?»

«ካልወረድሽ ቄሱ ይስቃሉ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አብሽሪ ልጄ» አሉና አህዮቻቸውን ነዱ።

የመጀመሪያው ሰዓት ያን ያህል አልከበዳትም። መንገዱ በወይራና በቁልቋል መሐል ይጠማዘዛል፤ ገደሉን ዛፉ ይሸፍነዋል። እሷም ዓይኗን ከእግሯ ጫፍ ሳታነሣ ወጣች። ከዚያ ዛፉ አለቀ። ከፊቷ አለት ብቻ ቀረ፤ በአለቱ ወገብ ላይ ደግሞ አንዲት አህያ እንኳ የማታሳልፍ እርከን ተቆርጣለች። በስተቀኝ ግድግዳ፣ በስተግራ ምንም። ርዝመቷ አንድ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። የአገሬው ሰው ቦታዋን «መመለሻ» ይላታል፤ ስንቱ ስለቱን ይዞ እዚያ ደርሶ ተመልሷልና።

ተሻለች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። እርከኗ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄደች። በግራ ዓይኗ ጥግ አንድ አሞራ ከእግሯ በታች ሲያንዣብብ አየች። አሞራ፣ ከእግሯ በታች! እንደ ሕፃን ተንበርክካ አለቱን አቀፈች። ወደፊት መሄድ አልቻለችም፤ ለመመለስም መዞር ያስፈልጋል፣ መዞር አልቻለችም።

ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደቆየች አታውቅም። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ቄስ ወልዴ ታዩዋት፣ ያቺ ፈገግታቸው። ባዬ ታያት። ከዚያ ቁጣዋ ሁሉንም አልፎ ሄዶ ሄዶ የመጨረሻው በር ላይ ደረሰ።

«አንተ ገብርኤል!» ብላ ጮኸች። አለቱ ድምፅዋን መለሰላት። «አናንያን፣ አዛርያን፣ ሚሳኤልን ከእሳት አወጣህ። ለነሱ ያን ሁሉ ነበልባል አቀዘቀዝክ። ለኔ ወንድም አንዲት ጥይት ማቀዝቀዝ አቃተህ? የት ሄደህ ነበር? ያን ቀን የት ነበርክ? በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ ዝክርህን ስዘክር፣ ሳጣ ተበድሬ ስዘክር አታውቀኝም ነበር? አሁን ደግሞ ቤትህን ሰማይ ላይ ሰቅለህ፣ የሞተ ልጅ ስም ፈልጊ ብለህ በጉልበቴ ታስኬደኛለህ! አታፍርም?»

ሌላም ብዙ አለች። ለመልአክ የማይባል ነገርም ተናገረች። እስኪደክማት ተናገረች። ከዚያ ዝም አለች፤ አሞራውም ሄዷል።

ዝም ስትል አንድ ነገር ገባት። ሰው በሌለበት ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚሳደብ የለም። ይህን ሁሉ ስትጮህ የሚሰማት መኖሩን አንዴም አልተጠራጠረችም። ከተራ ዕለት ታቦቱ ከፊቷ ነበር፣ ጠብመንጃው ከኋላዋ። እሷ የፈራችው የኋላዋን ነው። የፊቷን እንደሌለ ቆጥራ ነው እልል ያለችው።

«ይቅር በለኝ» አላለችም፤ ገና ተቆጥታ ነበር። «እሺ፣ አለህ» ብቻ አለች። «ካለህ ያዘኝ።»

ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የምትይዘው አርባ አንዱን እግዚኦታ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ በጣቱ አንጓ እየቆጠረ ነው የሚያደርሰው። አንድ እግዚኦ፣ አንድ ጉልበት ብላ ጀመረች። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፣ ቀኝ ጉልበት። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፣ ግራ ጉልበት። ጣቶቿ ግን አለት ይዘዋል፤ በምን ትቁጠር? ሃያ ሰባት ላይ ስትደርስ ጠፋባት። ሃያ ሰባት ነው ሃያ ስምንት? ቁጥሩ ከተሳተ እንደገና ከአንድ ይጀመራል፤ እንደዚያ ነው የተማረችው። ልትጀምር አፏን ከከፈተች በኋላ ንድድ አላት።

«ቁጥሩን አንተው ያዘው!» አለች። «እኔ እጄ አልተፈታም።»

ቀጠለች። ሳትቆጥር፣ ሳታቆም፣ በቁጣ ድምፅ እግዚኦ እያለች እየዳኸች ሄደች። ግንባሯ የሆነ ነገር ሲነካ ዓይኗን ገለጠች፤ የአምባው በር የእንጨት ደፍ ነበር።

አባ ተክለ ማርያም ከቤተልሔሙ አጥር ሥር ተቀምጠው ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ ይለቅማሉ። ዓይናቸው ፈዝዟል። «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

«የወይኒቱ ልጅ ነኝ፣ የሐይቋ።»

ደስታቸው ልክ አጣ። ውኃ አመጡላት፣ ቆሎ አመጡላት፤ አቀመጧትና የድሮውን ያወሩላት ጀመር። የሻው ክርስትና ሲነሣ እናቷ የጠመቀችው ጠላ እንዴት እንደነበር፣ የቀበጠ ዲያቆን ሰክሮ ሐይቁ ውስጥ ሊወድቅ እንደነበር ሳይቀር። ተሻለች አስጨረሰቻቸው። ከዚያ ነገረቻቸው። ስሙን ልወስድ ነው የመጣሁት አለች።

ሽማግሌው ስንዴያቸውን ሰበሰቡ። «ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም። አርባው እሑድ ነው።»

«ባለፈው ወር ጠብመንጃ የያዙ መጥተው ነበር። ለእነዚያ ለተገደሉት ጸሎት ያደረሰ ቄስ ቤተ ክርስቲያኑ ይታሸግበታል ብለው ሄዱ።» ድምፃቸው ወረደ። «ስሙን አላስታውሰውም ልጄ። አርጅቻለሁ።»

«ጠላውን ያስታውሳሉ!»

የሰበሰቡትን ስንዴ ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ዲያቆኑን ያስታውሳሉ! የልጁን ስም ረሱት?»

«ልጄ፣ ፍርሃት...»

«እኔም ፈርቻለሁ፣ አባቴ። ፈርቼ በወንድሜ ሬሳ ላይ እልል ብያለሁ። ስለ ፍርሃት ለኔ አይንገሩኝ።» ተነሥታ ቆመች። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ተቀድዶ ደም ይዟል፤ አዩት። «የአርባ ቀን ሕፃን ነበር፤ አፍ አልነበረውም። ‹ሰይጣንን ክጄሃለሁ› ያሉለት በሱ ፋንታ እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ አፍ ሆነውታል። አሁንም አፍ የለውም!»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ከእጃቸው ሥር፣ «ወልደ ሰንበት» አሉ። «ወልደ ሰንበት ነው። እሑድ ተወልዶ ነው። ማን ነገረሽ ካሉሽ ተክለ ማርያም በያቸው። ስሜን አትደብቂ።»

እስከ እርከኗ ድረስ ሸኟት። ተሻለች ስትመለስም እንደ ቅጠል ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እንደገና በጉልበቷ ነው የተሻገረችው። ይህን ማንም ጀግንነት ብሎ እንዲያወራላት አትፈልግም። የምትለው፣ «ፍርሃቱ እንዳለ ነበር፣ እኔ ግን አለፍኩ» ነው።

እሑድ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ለትምህርት ሲቀመጥ ተሻለች ከሴቶቹ ወገን ተነሣች። ሁለት ጠባቂዎች ከግቢው በር ላይ ተደግፈው ነበር።

«አባቴ» አለች፣ «አምጪ ያሉኝን አምጥቻለሁ።»

ቄስ ወልዴ ጉልበቷ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አዩ። «ምኑን?»

«የወንድሜን የክርስትና ስም። ወልደ ሰንበት ይባላል። አባ ተክለ ማርያም ነው የሰጡኝ። አምባው ላይ ወጥቼ።»

ሕዝቡ ተንጫጫ። ተሻለች አምባ ወጣች? ቄሱ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ሕዝቡ አዩ፣ በመጨረሻ ወደ መጽሐፉ ዞሩ። ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም። አንገታቸውን ደፍተው ጀመሩ፤ ስሙ ጋ ሲደርሱ ከጢማቸው ሥር አልጎመጎሙት።

«አልተሰማም፣ አባቴ!» አለች። «ይድገሙት!»

ደገሙት። በዚህኛው ከአጥሩ ውጭ ድረስ ተሰማ። ያኔ ከሴቶቹ መሐል ለተብርሃን የምትባል፣ በታኅሣሥ ልጇ የተገደለባት እናት፣ «የኔም አለ! ገብረ ኪዳን ነው፣ ገብረ ኪዳን!» ብላ ተነሣች። ከኋላዋ ሌላ ተነሣች። አርባ ቀን ሙሉ የታፈነው ለቅሶ ፈነዳ፤ ጠባቂዎቹ ማንን እንደሚይዙ ግራ ገባቸው። ቄስ ወልዴ እያለቀሱ ያን ዕለት ስድስት ስም ጠሩ።

ባዬ ተሻለችን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይዟት ሄደ። ዘጠኝ ቀን ቀበሌው ውስጥ አሰራት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ «ማን ፈቅዶልሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ዘጠኙንም ቀን ያው አንድ መልስ ሰጠችው።

«ታላቅ እህቱ ነኝ።»